ጋሼ ፍሬን እግሩን ያነሳ ዕለት

ጋሼ ፍሬን የሚለውን ስም ያወጡለት መኪና የሚያስተምራቸው ሰዎች ናቸው። መጀመሪያ ከኋላው ነበር የሚጠሩት። ቆይተው ፊት ለፊት ሞከሩት፤ እሱም «አቤት» አለ፤ በዚያው ጸና።

ነገሩ እንዲህ ነው። በመንጃ ፈቃድ ማሠልጠኛ መኪና ውስጥ አሠልጣኙ የሚቀመጠው በተሳፋሪው ወንበር ነው፤ ከእግሩ ሥር ግን የራሱ ፍሬን አለው። ተማሪው ሲደናገጥ ወይም መንገዱን ትቶ የሱቅ መስኮት ሲያይ አሠልጣኙ ረገጥ ያደርገዋል። ሌሎቹ አሠልጣኞች ይህን ፍሬን የሚነኩት ነገር ሲመጣ ብቻ ነው። ጋሼ ፍሬን ግን ነገር ይመጣል ብሎ ካሰበበት ጊዜ ጀምሮ ይረግጠዋል፤ እሱ ደግሞ ነገር ይመጣል ብሎ የማያስብበት ጊዜ የለም። ተማሪው ገና መሪውን ሳያዞር፣ ገና ልቡ ወዲያ ሳይል፣ መኪናው ቀጥ ብሎ ይቆማል። በዚህ ሁሉ ዘመን አንድ ተማሪ አንድ ዶሮ እንኳ ገጭቶበት አያውቅም፤ እሱም ይህን ለሰማውም ላልሰማውም ያወራል።

እግሩ ታዲያ ዓመል አወጣ። ከመኪናው ወርዶም አይተወውም። ፀጉር ቤት ተቀምጦ ምላጩ ወደ ጆሮው ሲጠጋ ይረግጣል። ቴሌቪዥን ላይ መኪና ሲያባርሩ ካየ ይረግጣል። አውቶቡስ ውስጥ፣ ያውም ከኋላ ወንበር ተቀምጦ፣ ሾፌሩ ትንሽ ፈጠን ካለ ወለሉን ጧ ያደርገዋል። ከፊቱ ያለው ተሳፋሪ ደንግጦ ሲዞር፣ የረገጠው ሌላ ሰው ይመስል እሱም አብሮ ወደኋላ ዞሮ ያያል።

ከተማሪዎቹ አንዷ አበባ ሻጭ ነበረች። ከእሱ ጋር ስትነዳ እንደ እሷ ያለ ሾፌር አልነበረም፤ ለፈተናም ደረቷን ነፍታ ነው የቀረበችው። ሁሉን አሳምራ ሄዳ ሄዳ የመጨረሻው ማቆሚያ ላይ ስትደርስ መሪውን እንደያዘች ዝም ብላ ጠበቀች። መኪናው ለምልክት የቆመውን በርሜል ገጭቶ አንከባለለው። ፈታኙ ክው ብሎ «ሴትዮ፣ ፍሬኑን ምነው አትረግጪም?» ሲላት፣ «እኔ ምን አውቃለሁ! እስከዛሬ ራሱ ነበር የሚቆመው» አለችው።

ይህን ታሪክ እየሳቀ ያላወራ በማሠልጠኛው ግቢ ውስጥ የለም። ጋሼ ፍሬንም አብሮ ሆዱን ይዞ ስቋል። በገዛ ቤቱ ውስጥ ልክ እንደዚህች ያለች ሌላ ተማሪ እያሠለጠነ መሆኑን ግን ያኔ አላወቀም።

ይቺኛዋ ተማሪ ልጁ ናት። ሚጡ ይሏታል። ባልና ሚስቱ ልጅ በመጠበቅ ብዙ ዓመት ስላሳለፉ፣ ሚጡ ስትመጣ አባቷ እንደ ዓይኑ ብሌን ያዛት። እውነቱን እንናገር ከተባለ ከዓይን ብሌንም ባሰ፤ ሰው ዓይኑን እንኳ አልፎ አልፎ ያሻል። ከሥራ ሲገባ ጫማውን ሳያወልቅ ያነሳታል። አቅፏት ይበላል፣ አቅፏት ዜና ያያል፤ አንድ ቀን ደግሞ አቅፏት ጥርሱን ሲቦርሽ ሚስቱ ደርሳበት «ኧረ በሕግ!» ብላዋለች። የጠረጴዛውን ማዕዘን፣ የቁም ሣጥኑን እግር፣ የበሩን ጠርዝ ሁሉ በስፖንጅ ጠቅልሏል። ቤቱ ሊላክ የታሸገ ዕቃ መስሎ ነው የሚታየው።

ሚስቱ ፀጉር ሠሪ ናት፤ ቀኑን ሙሉ ከሥራዋ አትወጣም። ሚጡን የሚያውሏት አብረዋቸው የሚኖሩት አማቱ፣ የሚስቱ እናት ናቸው። እሳቸው ደግሞ ሹራብ ይሠራሉ፤ እጃቸው ላይ ክር የሌለበት ሰዓት ቢኖር የእንቅልፍ ሰዓት ነው። ዓይናቸው ከሹራቡ ላይ ሳይነሳ ቤት ውስጥ የሆነውን ሁሉ ያያሉ። ሚጡ ከምታውቃቸው ሦስት ቃላት አንዱን ያስተማሯትም እሳቸው ናቸው። «አባ» ከአባቷ ነው፤ «እንካ» ለአባቷ ዕቃ ስታቀብል ከእናቷ፤ «ሂድ!» ግን አያቷ የጎረቤቱን ድመት ሲያባርሩ የሰማችው ነው።

ታዲያ ሚጡ መራመድ ጀመረች፤ የጀመረችው ግን አባቷ በሌለበት ነው። አያቷ በስልክ ቀርጸው ላኩለት። ከሶፋው እስከ ኩሽናው በር፣ እጇን እንደ ክንፍ ዘርግታ፣ እየተንገዳገደች ትሄዳለች። ጋሼ ፍሬን ምሳ ሰዓት መኪናው ውስጥ ተቀምጦ ደጋግሞ አየው። በመስኮቱ ለሥራ ባልደረቦቹ አሳየ፣ ለጥበቃው አሳየ፣ ለአበባ ሻጯ ሳይቀር አሳየ። ሲያሳይ ሁሉ ቀኝ እግሩ ፍሬኑን ተጭኖት እንደነበር ልብ አላለም።

የዚያን ዕለት ከሥራው እየከነፈ ቤቱ ገባ። ሶፋው ጫፍ ላይ ተቀመጠና «ነይ የኔ እመቤት! ነይ ወደ አባ!» አላት። ሚጡ የወንበሩን ጠርዝ ለቀቀች። አንድ እግሯን አነሳች፤ ወዘወዛት፤ ከዚያ ዘፍ ብላ በመቀመጫዋ ቁጭ። ቁጭ እንዳለችም ሁለት እጇን ወደሱ ሰቀለች፤ አንሳኝ ማለቷ ነው። አነሳት። በማግስቱም እንደዚያው፤ በሳምንቱም እንደዚያው። እሱ በሌለበት ቤቱን የምታስስ ልጅ፣ እሱ ሲገባ እግር እንደሌላት ትሆናለች።

መጀመሪያ ሳቀበት። ቆይቶ ግን ሆድ ባሰው። አንድ ጠዋት ጢሙን ሲላጭ፣ ፊቱ አረፋ እንደሆነ፣ በመስታወቱ ውስጥ ሚስቱን እያየ ጠየቃት።

«አንቺ፣ ልጄ ትፈራኛለች እንዴ?»

«አንተን? አንተን ማን ይፈራል ደግሞ!»

«ታዲያ ለጎረቤት ሁሉ ስትራመድ እኔን ስታይ ለምን ቁጭ ትላለች?»

ሚስቱ ፎጣውን አቀብላው ወጣች። እሱ ከዚህ ዓለም የፈለገው አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ ልጁ ስትራመድ በዓይኑ ማየት። በስልክ ሳይሆን በዓይኑ። ይቺን ታህል ነገር ለማንም ሳትከለከል ለእሱ ብቻ መከልከሏ አንጀቱን በላው።

ስለዚህ ለመሰለል ወሰነ። ቅዳሜ ከሥራ ቀደም ብሎ ወጣ፤ ኮቴውን አጥፍቶ ሳሎን ገባና መስኮቱ ጋ ካለው መጋረጃ ኋላ ተደበቀ። አማቱ ጥግ ላይ ሹራባቸውን ይሠራሉ። ትንሽ ቆይታ ሚጡ ከመኝታ ክፍል ብቅ አለች፤ በእግሯ! ጋሼ ፍሬን በመጋረጃው ክፍተት አንድ ዓይኑን አወጣ። ልጅቷ ወደ መሀል መጣች፤ ወደ ጠረጴዛው ማዕዘን አቀናች፤ ትንሽ ዘመም አለች።

ጧ!

ሚጡ ቁጭ።

አማቱ መርፌያቸውን አቆሙ። ዓይናቸው በወለሉ ሴራሚክ ላይ ሄዶ ሄዶ መጋረጃው ሥር ደረሰ። ከመጋረጃው ሥር አንድ ጥንድ የተወለወለ ጥቁር ጫማ ቆሟል።

«አንተ!» አሉ። «ና ውጣ!»

ወጣ። ፊቱ ፍም መስሏል።

«እግርህ ነው» አሉት።

«የምን እግር?»

«ቀኙ ነዋ! ልጅቷ ዘመም ባለች ቁጥር መሬቱን ትደበድባለህ። እሷ ደግሞ ሰምታ ቁጭ ትላለች።»

«እኔ? እኔ መሬት ደበደብኩ?»

አማቱ አልተከራከሩም። ሚጡ ወንበሩን ይዛ እስክትነሳ ጠበቁ፤ ተነሥታ አንድ እርምጃ እንደሞከረች በራሳቸው ጫማ ወለሉን ጧ አደረጉት። ሚጡ ወዲያው በመቀመጫዋ ቁጭ አለችና፣ ቀጥሎ የሚሆነውን እንደምታውቅ ሁሉ፣ ሁለት እጇን ወደ አባቷ ሰቀለች።

«አየህ?» አሉት። «አሠልጥነሃታል።»

ጋሼ ፍሬን አበባ ሻጯ ትዝ አለችው። ይህን ጊዜ ግን አልሳቀም። ሶፋው ላይ ተቀመጠ፣ ጫማውን አውልቆ ወረወረ። ልጅቷ ተነሣች፤ ካልሲው ድም አለ፤ ቁጭ አለች። ቀኝ እግሩን በግራው ረግጦ ያዘው፤ ይህን ጊዜ ደግሞ እጁ ተወርውሮ ልጅቷን ሳትወድቅ ከአየር ላይ ቀለባት።

«እግርህ ብቻ ቢሆን ጥሩ ነበር» አሉ አማቱ። «እጅህም አያርፍም። በቃ፣ ነገ ሽርሽር እንሄዳለን።»

«የት?»

«ሴራሚክ የሌለበት ቦታ።»

ሴራሚክ የሌለበት ቦታ የሕዝብ መናፈሻው ሆነ። ዙሪያው አጥር ነው፤ በሩ ላይ ጥበቃ ይቀመጣል፤ ውስጡ ሣር፣ ትልልቅ ዛፎች፣ ጠጠር የፈሰሰበት መተላለፊያ፣ መሀል ላይ ደግሞ ዝቅ ያለ የድንጋይ መድረክ። ሌሊቱን ዘንቦ አድሯል። አማቱ አግዳሚ ወንበር ሲመርጡ ወንበሩን ሳይሆን ከሥሩ ያለውን መሬት ነበር በጫማቸው የሚሞክሩት። አንዱ ዛፍ ሥር ጫማቸው ስምጥ ሲል «እዚህ» አሉ።

ሚስቱ ምንጣፉን አነጠፈች፤ ዳቦውን፣ ሙዙንና የሻይ ፔርሙዙን ደረደረች። ከዚያ ባሏ ፊት ቆማ እጇን ወገቧ ላይ አደረገች።

«ስማ። ዛሬ የምትሄድበትን የምትመርጠው ራሷ ናት። የምትነካውን ትንካ፤ የምትቆሽሸውን ትቆሽሽ። እኔ ከኋላዋ አለሁ። አንተ ትቀመጣለህ።»

«ብትወድቅስ?»

«ትነሣለች።»

«አፏ ውስጥ የሆነ ነገር ብትከትስ?»

«ከኋላዋ አለሁ አልኩህ እኮ።»

«ውሻ ቢመጣስ?»

«ሂድ! ትለዋለች» አሉ አማቱ። «አሁን እጅህን ዘርጋ።»

ዘረጋ። አማቱ ከቦርሳቸው ገና ያልተጠቀለለ ቢጫ የሱፍ ክር አወጡና እንደ ቀለበት ሁለቱ እጆቹ ላይ አጠለቁለት። ጫፉን ያዙ፤ ጎኑ ተቀምጠው ቀስ እያሉ በኳስ መልክ ይጠቀልሉት ጀመር።

«እማማ፣ ይሄ ለምንድን ነው?»

«ለሹራብ።»

«ዛሬ?»

«ብርድ እስኪመጣ ልጠብቅ? እጅህን አታውርድ፤ ክሬ ከተተበተበ ዛሬ ቤት አንገባም።»

ጋሼ ፍሬን አሁን ገባው። ሁለት እጁን ትከሻው ስፋት ልክ ዘርግቶ፣ በቢጫ ክር ታስሮ፣ ሰው በሚያይበት ቦታ ቁጭ ብሏል። ከእሱ በፊት በዚህ መናፈሻ በክር የታሰረ አሠልጣኝ ታይቶ አይታወቅም።

ሚጡ መጀመሪያ ጉልበቱን ይዛ ቆመች። ሣሩን አየች፣ ዛፉን አየች፣ ከዚያ እንደ ልማዷ ሁለት እጇን ወደ ላይ ሰቀለች። «አባ!»

«እማማ፣ ትጠራኛለች» አለ።

«ሰማሁ።»

«አባ! አባ!» ከንፈሯ መንቀጥቀጥ ጀመረ።

«ኧረ እማማ፣ ልታለቅስ ነው፤ ለአንዴ ብቻ...»

«ክሬን!»

እሱ እጁን እንደዘረጋ፣ እሷም እጇን እንደሰቀለች ተፋጠጡ። ማን ቀድሞ እንደሚያለቅስ አይታወቅም ነበር። ደግነቱ በዚህ መሀል አንዲት ጉንዳን የዳቦ ፍርፋሪ ተሸክማ በሚጡ ጫማ አጠገብ አለፈች። ሚጡ እጇን አወረደች። አጎነበሰች። ጉንዳኗ ስትሄድ ተከተለቻት፤ መጀመሪያ በዳዴ፤ ከዚያ ዳዴው አላደርስ ሲላት መቀመጫዋን ወደ ሰማይ አንሥታ፣ በሁለት እጇ መሬቱን ገፍታ ቆመች። አንድ እግሯን አነሳች። ዘመም አለች።

ጋሼ ፍሬን ረገጠ። ባለ በሌለ ኃይሉ ረገጠ። ለስላሳው መሬት ግን ጫማውን ያለ አንዳች ድምፅ ዋጠው። ሚጡ ምንም አልሰማችም። ዘመም ካለችበት ቀና አለች፣ ሁለተኛውን እግሯን አስከተለች፣ ከዚያ ሌላውን፤ ጀርባዋን ለአባቷ ሰጥታ፣ እጇን እንደ ክንፍ ዘርግታ፣ ሄደች።

«ሄደች» አለ። «እማማ፣ ሄደች እኮ!»

«ትሄዳለች እንጂ። አታወዛውዘኝ።»

እንባው መጣ። እጁ ታስሯል፤ መጥረግ አልቻለም። በጉንጩ ወርዶ አገጩ ላይ ተንጠለጠለ። አማቱ ክሩን በግራ እጃቸው ይዘው፣ በሻርፓቸው ጫፍ መጀመሪያ ዓይኑን ቀጥሎ አፍንጫውን ጠረጉለት። «ሁለት ልጅ ሆነብኝ» አሉና ወደ ክራቸው ተመለሱ።

ከዚህ በኋላ ሚጡን የሚያቆማት አልተገኘም። ጉንዳኗን ረሳች። የተጠራቀመ የዝናብ ውሃ አገኘችና መሀሉ ገባች፤ ውሃው እንደሚረጭ ስታውቅ ደግሞ ተቀመጠችበት። ጋሼ ፍሬን ረገጠ። ተነሣችና ጠጠሩ መንገድ ላይ ወጣች። እዚያ መሬት ላይ የብረት ክዳን ያለው ፍሳሽ መውረጃ አለ፤ አንድ ጠጠር በቀዳዳው ከተተች፤ ከታች ጵሎቅ አለ። ልጅቷ በደስታ ጮኸች። ሁለተኛ ከተተች። ሦስተኛውን ከመክተቷ በፊት አፏ አካባቢ አዟዟረችው፤ እናቷ «እእ» ስትላት ወደ ቀዳዳው መለሰችው። እዚያ ብዙ ቆየች፤ እናቷም እጇን ወደኋላ አጣምራ አጠገቧ ቆመች። ሰው አልፎ ሰው ይመጣል፤ ሚጡ ከሥራዋ ቀና አትልም።

«ጫማዋ በሰበሰ» አለ ጋሼ ፍሬን።

«ይደርቃል።»

«የምትይዘውን አዩት? ስንት ሰው የረገጠውን ጠጠር!»

«አንተስ መሬቱን ምን እያደረግከው እንደሆነ አይተሃል?»

ዝቅ ብሎ አየ። ቀኝ ጫማው ሥር፣ ከመርገጡ ብዛት፣ ጎድጓዳ ተቆፍሯል። ጣቶቹ ያሉበት በኩል ጠልቆ፣ ውስጡ ውሃ አቁሯል።

ሚጡ አሁን ሌላ ቤተሰብ ምንጣፍ ላይ ደርሳለች። አንድ ሽማግሌ ባርኔጣቸውን ፊታቸው ላይ ደፍተው ተኝተዋል። ሚጡ ቆማ አየቻቸው። ባርኔጣውን አነሳች፤ ሥሩ ፊት ሲያጋጥማት ደነገጠች፤ ከዚያ ባርኔጣውን ራሷ ላይ ደፋችው። እስከ አፍንጫዋ ዋጣት። ሽማግሌው አንድ ዓይናቸውን ገለጡ።

«እንካ!» አለቻቸው ባርኔጣው ውስጥ ሆና፤ ግን አልሰጠቻቸውም።

ሰውየው መናፈሻው በሙሉ ዞሮ እስኪያይ ሳቁ። ጋሼ ፍሬንም ሳቀ። ከልቡ ነው የሳቀው፤ የረገጠም አይመስለኝም፤ ጫማው ጎድጓዳው ውስጥ ዝም ብሎ ተቀምጦ ነበር። እናቷ ይቅርታ ጠይቃ ባርኔጣውን መለሰች። ሽማግሌው «ተያት፣ ትንሽ ትልበሰው» አሉ። ሚጡ ግን ባርኔጣው ከራሷ ሲነሳ መድረኩን አይታለች።

መድረኩ ወደ ላይ የሚያስወጣ አጭር የድንጋይ ደረጃ አለው። ለትልቅ ሰው ምንም አይደለም፤ ለሚጡ ግን እያንዳንዱ ደረጃ ጉልበቷን ያልፋል። ጋሼ ፍሬን ወዴት እንደምታመራ ከሩቅ ገባው። ሥራው ነው፤ ሰው ወዴት እንደሚያዞር ከማዞሩ በፊት ያውቃል።

«ደረጃ» አለ።

«አየሁ።»

«ድንጋይ ነው እኮ እማማ!»

ሚጡ የመጀመሪያውን ደረጃ በእጇም በጉልበቷም ወጣች። ቆመች። ሁለተኛውን ለመውጣት እግሯን ስታነሳ ጫፉን መታው፤ ተንሸራታ በመቀመጫዋ ታችኛው ደረጃ ላይ ጧ አለች።

ጋሼ ፍሬን ዘሎ ሊነሣ ከወንበሩ ተነቀለ፤ በዚያው ቅጽበት «ክሩ!» ብሎ ራሱን ያዘ። እጆቹን ቢያይ ምንም የለባቸውም። ባዶ ሁለት እጅ፣ ትከሻ ስፋት ልክ ተዘርግቶ።

«እማማ፣ ክሩስ?»

«አለቀ።» ቢጫው ኳስ ጭናቸው ላይ ተቀምጧል።

«መቼ?»

«ባርኔጣው ጊዜ።»

«ምነው ታዲያ አልነገሩኝም?»

«ዝም ብለህ ይዘህ ነበራ።»

«ሌላ የለም?»

«የለም። ከእንግዲህ የራስህ ጉዳይ ነው።»

ሚጡ አላለቀሰችም። ደረጃው ላይ ተቀምጣ ዞረች። አጠገቧ ያለችውን እናቷን አልፋ፣ ሣሩን ሁሉ አልፋ፣ አባቷን ፈለገችው። አገኘችው። ዓይኗን ጣለችበትና ጠበቀች። ምን እንደምትጠብቅ አሁን በደንብ ያውቃል። እግሩን ትጠብቃለች። ቁሚ፣ እዚያው ሁኚ፣ እኔ መጣሁ የሚላትን ድምፅ ትጠብቃለች። ይህችን ልጅ እሱ እንዲህ አድርጎ ነው ያሠለጠናት፤ ሳያውቅ፣ ከፍቅሩ ብዛት። ሚስቱም ቆማ አየችው፤ የእሷም እጅ ወደኋላ ተጣምሮ ጥብቅ ብሎ ተቆላልፏል።

ተነሥቶ መሮጥ ይችል ነበር። ማንም አልያዘውም።

ጋሼ ፍሬን ወንበሩ ላይ መልሶ ተቀመጠ። እጆቹን ክሩ እንዳለባቸው ሁሉ ዘረጋቸው። ቀኝ እግሩን ግን አላመነውም፤ ጡንቻው ከአሁኑ ተወጥሯል። ስለዚህ ሁለቱንም እግሮቹን ከመሬት አነሳቸው። ወንበር ላይ ተንጠልጥሎ እግሩ መሬት የማይደርስ ሕፃን መሰለ፤ ጥበቃው በሩ ላይ ሆኖ ምን ነካው ብሎ እስኪያየው ድረስ።

ሚጡ ጠበቀች። ምንም አልመጣም። መቀመጫዋን በእጇ ዳበስ ዳበስ አደረገች፣ ፊቷን ወደ ደረጃው መለሰች፣ ወጣች። ሁለተኛውን በሆዷ ተስባ። የመጨረሻውን እንዴት እንደወጣችው እሱ አላየም፤ ዓይኑ በእንባ ተሞልቶ ነበር። ሲያጠራው ልጁ መድረኩ ላይ ቆማለች። ለራሷ ታጨበጭባለች።

«አንተ ሰው» አሉ አማቱ፣ ድምፃቸው ለመጀመሪያ ጊዜ ለስለስ ብሎ፣ «ተንፍስ።»

ሚጡ ከመድረኩ ላይ አንድ ጠጠር አገኘች። እሱን በጭብጧ እንደያዘች፣ ፊቷን ወደ መድረኩ አድርጋ በሆዷ እየተንሸራተተች ወረደች። ሣሩ ላይ ስትደርስ ቆመችና ዙሪያዋን አየች። የአባቷ ሁለት እጆች ተዘርግተዋል። ወደዚያ አቀናች። በእግሯ፣ ያንን ሁሉ ሣር፣ የውሃውን ኩሬ ዞራ፣ የሽማግሌውን ምንጣፍ ጫፍ ረግጣ፣ እየተንገዳገደች፣ አንዴ ወድቃ ማንንም ሳታይ ተነሥታ፣ መጣች። እሱ «ነይ» እንኳ አላለም፤ ቃል ቢወጣው ጩኸት ይሆን ነበር። ደረሰች። እጁ ውስጥ ልትገባ ነው ብሎ ደረቱን ከፈተ።

ሚጡ በተዘረጋው እጁ ሥር ሹልክ ብላ አለፈች።

ዓይኗ ከወንበሩ ሥር ባለው ጎድጓዳ ላይ ነበር። አጎነበሰች። ውሃውን አየችው። የያዘችውን ጠጠር ለቀቀችበት፤ ጵሎቅ አለ። ደስታዋ ወሰን አጣ። ያን ጊዜ የጋሼ ፍሬን እግር ደክሞት ዝቅ ማለት ጀምሮ ነበር፤ ጫማው ተመልሶ ጎድጓዳው አፍ ላይ ሊያርፍ ሲል ሚጡ በሁለት እጇ ገፋችው። ቁጣዋም ልክ የአያቷ ቁጣ ነበር።

«ሂድ!» አለችው ጫማውን።

አማቱ ከሹራባቸው ቀና አሉ። ከኋላ የደረሰችው ሚስቱም አጠገቡ ተቀምጣ ራሷን ትከሻው ላይ ጣል አደረገች።

ሚጡ ሌላ ጠጠር ልታመጣ ወደ መንገዱ ሄደች። ይዛ መጣች፤ ከተተች፤ ተመልሳ ሄደች። ሻዩ በረደ፣ ሙዙ ጠቆረ፣ ሽማግሌው ባርኔጣቸውን ለብሰው ወደ ቤታቸው ሄዱ። እሷ ትሄዳለች፣ ትመጣለች። ጎድጓዳው ቀስ በቀስ በጠጠር ሞላ፤ እሱም እስኪሞላ ድረስ እግሩን አንሥቶ ጠበቃት።